ሺህ ጊዜ ሞቶ ሺህ ጊዜ የሚነሳው ልጅ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላልና ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ራሽንም ስለ ወረቀት ጉዳይም አይደለም። ስለ ጌም ነው። አዎ፣ ልጆቻችሁ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ስለሚውሉበት ጌም።

ለምን መሰላችሁ? ሰሞኑን ሦስት ወላጆች በየተራ መጥተው አንድ ዓይነት አቤቱታ አሰሙኝ። «መምህር፣ ይህን ልጅ አንድ በሉልን። ቀኑን ሙሉ እሾህ ላይ እየዘለለ ሲሞት ይውላል!» ጨዋታውን አይቼዋለሁ። አንድ ትንሽ ልጅ ይሮጣል፣ ይዘላል፤ እሾህ በጫፉ እንኳ ከነካው ይሞታል። ወዲያው እንደገና ይጀምራል። መስኮቱ አናት ላይ ስንት ጊዜ እንደሞተ ይቆጠራል። የአንዱ ተማሪዬ ቁጥር ሺህን አልፏል፤ ፊቱ ላይ ግን ንዴት የለም። «ይቺን ብቻ ልለፍ» ነው የሚለው።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ሲገርመኝ መቼ ተጀመረ፣ ማን ጀመረው፣ ማንስ ተጠቀመበት ብዬ እጠይቃለሁ። ይህንንም ጠየቅኩ። ታሪኩ ከጌም አልፎ እኛንም የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መውደቅ ለማሽኑ ባለቤት ገቢ የነበረበት ዘመን

በ1981 የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ዶንኪ ኮንግ» የሚባል ጨዋታ አወጣ። ንድፉን የሠራው ሺጌሩ ሚያሞቶ ነው። በርሜል እየዘለለ የሚወጣው ባለ ሪዙ ሰውዬ ኋላ ዓለም ማሪዮ ብሎ ያወቀው ነው። ጨዋታው የሚገኘው ሳንቲም በሚጎርሱ ትልልቅ ማሽኖች ላይ ነበር። ሳንቲም ትከታለህ፣ ጥቂት «ነፍስ» ይሰጥሃል፣ ነፍሱ ሲያልቅ ሌላ ሳንቲም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተጫዋቹ ቶሎ ቶሎ ሲሞት ኪሱ የሚሞላው የማሽኑ ባለቤት ነው። የዚያ ዘመን ጨዋታዎች እንዲያ የከበዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አገር ቤት ጆተኒ እየመታ ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት እየዋለ ያደገ ሁሉ ሕጉን ያውቃል፦ ተሸናፊ ከፋይ።

በ1985 ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» መጣ። ሳንቲሙ ቀረ፤ ክብደቱ ግን አልቀረም። በ1986 በጃፓን የወጣው ሁለተኛው ክፍል እንዲያውም ባሰ። በመጀመሪያው ጨዋታ ማሪዮ እንጉዳይ ሲያገኝ ይገዝፍ ነበር፤ በሁለተኛው ላይ መርዛም እንጉዳይ ተጨመረ። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ለአገሩ ተጫዋቾች ከመጠን በላይ ከባድ ነው ብሎ ተወው፤ በምትኩ ሌላ ጨዋታ በማሪዮ ስም ተሸጠላቸው። ዋናው አሜሪካ የደረሰው በ1993 ነው፤ እሱም ከሌሎች የማሪዮ ጨዋታዎች ጋር ተጠቅልሎ።

2. ለጓደኛ የተጠመደ ወጥመድ

በ2000 «ሉናር ማጂክ» የሚባል ፕሮግራም ወጣ። አድናቂዎች የ1990ውን «ሱፐር ማሪዮ ወርልድ» ከፍተው ሌቭሎቹን እንደፈለጉ እንዲለውጡ አስቻላቸው። በዚህ መንገድ ነው በ2007 ታከሞቶ በሚል ስም የሚታወቅ ጃፓናዊ ለጓደኛው ብሎ እጅግ ክፉ የሆነ ማሪዮ የሠራው። ጓደኛው ሲታገለው የሚያሳየው ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ተሰራጨ። ዓለም ዛሬ «ካይዞ ማሪዮ» ይለዋል፤ ካይዞ በጃፓንኛ «ተለውጦ የተሠራ» እንደማለት ነው።

የካይዞ ዋነኛ ወጥመድ ስውሩ ጡብ ነው። ፊትህ ገደል አለ። ለመሻገር ትዘላለህ። ዝላይህ ትክክል ነው። ግን አየር ላይ ሳለህ የማይታይ ጡብ ድንገት ብቅ ብሎ አናትህን ይመታህና ገደል ትገባለህ። አዘላለልህ ላይ ስህተት የለም፤ ጡቡ መኖሩን የነገረህ አልነበረም እንጂ። ይህን ስውር ጡብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው በ2007 ካይን በሚል ስም የሚታወቅ አሜሪካዊ «አይ ዋና ቢ ዘ ጋይ» የተባለውን ጨዋታ በነጻ ለቀቀ። ባለታሪኩ «ልጁ» ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የለውም። በዛፍ ሥር ሲያልፍ ፍሬ ወድቆ ይገድለዋል። ብልጥ ነኝ ብሎ ከፍሬው በላይ ከዘለለ ደግሞ ፍሬው ወደ ላይ «ይወድቅበታል»!

ሆኖም ጨዋታው ሁለት ነገር አልነፈገም። አንደኛ፣ ልጁ ሲሞት አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ወዲያው መመለስ ይቻላል። ሳንቲም የለም፣ ወረፋ የለም። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ ሴቭ ማድረጊያ አለ። ስትሞት ከመጀመሪያው ሳይሆን ሴቭ ካደረግክበት ቦታ ትነሳለህ። የሴቭ ማድረጊያው ብዛት እንደመረጥከው የክብደት ደረጃ ይለያያል፤ ከሁሉ በከፋው ደረጃ ላይ ጭራሽ የለም። ብዙ ሴቭ ያለበትን ቀለል ያለ ደረጃ ለመረጠ ተጫዋች ልጁ ጸጉሩ ላይ ሪባን ታስሮለት ይቀለድበታል። ይቀለድበት እንጂ መንገዱ አይዘጋበትም።

3. አድናቂዎቹ ሲረከቡት

ከዚያ በኋላ የአድናቂዎች ጨዋታ እንደ ጎርፍ መጣ። ጃፓኖች፣ ኮሪያውያን፣ ቻይናውያን፣ አሜሪካውያን፣ አውሮፓውያን «አይ ዋና ቢ» በሚል ስም የሚጀምሩ ጨዋታዎችን በሺዎች ሠሩ። በ2010 አንድ ዴንማርካዊ የሠራው «አይ ዋና ቢ ዘ ቦሺ» ከታወቁት አንዱ ነው። አብዛኞቹ ጌምሜከር በሚባል ፕሮግራም የተሠሩ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው፤ የእኛ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። የሚታደሉትም በነጻ ነው፤ የሌሎች ጨዋታዎች ምስልና ሙዚቃ ስለሚገባባቸው አይሸጡም።

ልጆቻችሁ የሚጫወቱት ዓይነት ላይ ወጥመዱ እየቀነሰ ጥንቃቄው በዛ። እሾሁ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ጨዋታው በአንድ ሰከንድ 50 ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል 0.02 ሰከንድ ነው። አንዳንዱ ዝላይ ጣት በትክክለኛዋ 0.02 ሰከንድ ላይ እንድታርፍ ይጠይቃል። ይህን ማንም በአንድ ቀን አይችለውም። መጀመሪያ የሚሞተው መንገዱን ለማወቅ ነው፣ ቀጥሎ የሚሞተው ጣቱን ለማስተማር። ሞቱ የተማረበት ሂሳብ ነው እንጂ የውርደት መዝገብ አይደለም።

ይህን ሐሳብ የንግድ ጨዋታዎችም ወሰዱት። በ2010 የኤድመንድ ማክሚለንና የቶሚ ሬፊንስ «ሱፐር ሚት ቦይ» ወጣ። አንድ ሌቭል ስታልፍ የሞትክባቸውን ሙከራዎች ሁሉ በአንድ ላይ መልሶ ያሳይሃል፤ ብዙ «አንተ» አብረው ይሮጣሉ፣ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፣ አንዱ ብቻ ይደርሳል። በ2018 የማዲ ቶርሰንና የኖኤል ቤሪ «ሰለስት» ተከተለ፤ መነሻው በአራት ቀን የተሠራ ትንሽ ጨዋታ ነበር። ተራራ ስለምትወጣ ልጅ ነው። ሞት ሲበዛ መማርም እንደሚበዛ ለተጫዋቹ ይነግረዋል፤ ለከበደው ሰው ፍጥነቱን የሚቀንስ እገዛ አለው። በ2023 አድናቂዎቹ ከመቶ በላይ ካርታ ያለው «ስትሮበሪ ጃም» የሚባል ስብስብ ጨመሩበት። ከጀማሪ እስከ ሊቅ በአምስት ደረጃ የተከፈለ ሲሆን ዘዴዎቹን የሚለማመዱበት ቦታ አለው። ወገኖቼ፣ ይህ እኮ ሥርዓተ ትምህርት ነው!

ሳንቲሙስ የት ደረሰ? «ጌምስ ደን ክዊክ» የሚባል ተጫዋቾች በቀጥታ ሥርጭት እየተጫወቱ የእርዳታ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ዝግጅት አለ። የካይዞ ዓይነት ጨዋታዎች የሚቀርቡበት መድረክ ነው። የ2019 የበጋ ዝግጅት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች አስገኝቷል። በ1981 የማሽን ባለቤት ኪስ ይገባ የነበረው ሳንቲም በ2019 ሐኪም ቤት ገባ ማለት ነው።

4. ፈታኙም ይፈተን

በ2015 ኒንቴንዶ «ሱፐር ማሪዮ ሜከር»ን አወጣ፤ ማንም ሰው የራሱን ሌቭል ሠርቶ ለዓለም የሚያቀርብበት ነበር። አንድ ሕግ ነበረው። ሌቭሉን የሠራ ሰው መጀመሪያ ራሱ ተጫውቶ ካላለፈው ለሌላ ሰው መልቀቅ አይችልም። በጣም የምወደው ሕግ ይህ ነው።

ኒንቴንዶ የመጀመሪያውን «ማሪዮ ሜከር» የኢንተርኔት አገልግሎት ሚያዝያ 8 ቀን 2024 እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ተጫዋቾች ማንም ያላለፋቸውን ሌቭሎች ከመዘጋቱ በፊት ለማለፍ ተረባረቡ። በመጨረሻ በ2017 የተለቀቀ አንድ በጣም አጭር ሌቭል ቀረ። ብዙዎች ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጋቢት የሌቭሉ ሠሪ እውነቱን አወጣ፦ ያኔ ያለፈው በእጁ ሳይሆን ቁልፉን በሚጫንለት መሣሪያ ነበር። ፈታኙ ራሱ ያላለፈው ፈተና ሲያታግላቸው ኖሯል! ቢሆንም ተስፋ ያልቆረጠ አንድ ተጫዋች ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 5፣ በእጁ አለፈው።

5. እኛስ?

እንግዲህ ወደ ስውሩ ጡብ ልመለስ። ለእኛ ስደተኞች ይህ ጡብ እንግዳ አይደለም። አንድ ወንድማችን ቃለ መጠይቅ ገብቶ እውነቱን ተናገረ፤ የወጣበትን ቀን በሁለት ቀን አሳሳተ፤ ምክንያት ያልተጻፈበት «አልተቀበልንም» ደረሰው። ከተማሪዎቼ አንዷ በዓመት አንዴ በሚሰጥ ፈተና ሂሳብ ወደቀች፤ የት እንደሳተች ያሳያት የለም፤ ክፍል መምጣት አቆመች። ስውር ጡብ ጨዋታ ላይ የሚያስቀው ወዲያው መነሳት ስላለ ብቻ ነው። መነሳት የሌለበት ጡብ ጭካኔ ነው።

ስለዚህ «ሕይወት ከባድ ነው፣ ልመዱት» የሚለንን ሁሉ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። ስንወድቅ የሚጠቀመው ማነው? ከወደቅን የምንነሳው ከየት ነው? ፈተናውን ያወጣውስ ራሱ ያልፈው ነበር? ክብደት በራሱ በደል አይደለም። ልጆቻችን ከባድ ነገር እንደማይፈሩ በሺህ ሞታቸው አሳይተውናል። በደሉ ያለው መልሱ በተደበቀበት ቦታ ነው።

የቢሮዎቹን ሕግ ነገ መለወጥ አንችልም። እርስ በርስ ግን ሴቭ ማድረጊያ መሆን እንችላለን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እኛ ምሳር አንሁን። ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ በማጠናከሪያ ክፍላችን የሚሰጠውን መለማመጃ ፈተና መምህራኑ በሰዓቱ ቀድመን እንሠራዋለን፤ ሰዓቱ ካልበቃን ፈተናው ይስተካከላል። የወደቀ ተማሪ ወረቀቱ ከነእርማቱ ይመለስለታል፣ በሳምንቱ እንደገና ይቀመጣል፤ የሚያዝለትም የመጨረሻው ውጤት ነው። ያቺ ተማሪዬ ይህን ካነበበች ቦታዋ ባዶ መሆኑን ትወቅ።

ቃለ መጠይቅ ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጡቡ የት እንዳለ ለተረኛው ንገሩ። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያለፈው ላላለፈው መንገዱን በቪዲዮ ያሳያል። ውሸት አስተምሩ አላልኩም። የገዛ እውነቱን በቀንና በቅደም ተከተል መናገር እንዲለማመድ እርዱት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ሌሊቱን ከተጫወተ አስተኙት፣ የቤት ሥራው ይቅደም፤ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። ጌም እንጀራ አይሆንም። ግን «ሲሞት ዋለ» ብላችሁ አትስደቡት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፦ «አሁን ለምን ሞትክ?» መልሱን በትክክል ይነግራችኋል። ሂሳብ ላይም እንዲሁ መመለስ እንዲችል ማድረግ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ እንኳ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ፤ ለሚመለከተው ወላጅም አድርሱልኝ።

ቸር እንሰንብት።