ያላለቀው ደጋን፦ እጅ የሚያውቀውና መዝገብ የማያውቀው ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የተደረገ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ እንጨት ነው። ይህ እንጨት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር፣ በኦትዝታል ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,210 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ በተገኘ አስከሬን አጠገብ ነበር። ተጓዦች ከሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ብቅ ብሎ ያዩት ያ ሰው፣ ዛሬ ዓለም «ኦትዚ» እያለ የሚጠራው፣ የሞተው ከ5,000 ዓመት በፊት እንደሆነ በምርመራ ታወቀ። ከንብረቱ መካከል ከመዳብ የተሠራ መጥረቢያ፣ 14 ፍላጻዎች የያዘ ሰገባ እና ቁመቱ 1.82 ሜትር የሆነ ደጋን ይገኙበታል። ከፍላጻዎቹ ሥራቸው ያለቀው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ደጋኑም አላለቀም ነበር። የመጥረቢያው ምት በእንጨቱ ላይ ተራ በተራ ይታያል፤ አውታር የሚታሰርበት ቁርጥ ጫፎቹ ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በግራ ትከሻው ውስጥ ከባልጩት የተሠራ የፍላጻ ጫፍ በራጅ ታየ። ሰውየው ደጋኑን ሳይጨርስ በሌላ ሰው ደጋን ተገደለ ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙዎችን የሚስበው ግድያው ነው። እኔን ግን የሳበኝ ያላለቀው እንጨት ነው። ያለቀ ዕቃ የሠሪውን ሐሳብ ይሸሽጋል፤ የመጨረሻው ፍቅታ የቀደሙትን ሁሉ ያጠፋልና። ያላለቀ ዕቃ ግን ሠሪው ምን እንዳደረገ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንደነበረም ይነግረናል። የዛሬው መከራከሪያዬም ከዚሁ ይነሣል። የታሪክ ምሁር በጽሑፍ ያልሰፈረን እውቀት ሊያነብ የሚችለው፣ ቢያንስ በጀማሪ ደረጃ፣ ሥራውን በእጁ ሲሞክረው ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። በግእዝ «ቀስት» የሚባለው የሚጎብጠው መሣሪያ ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወረወረው «ሐጽ» ነው፤ «ቀስተ ደመና» የሚለው ስም የጉብጠቱን ነገር እስከ ዛሬ ጠብቆልናል። በአማርኛ ግን «ደጋንና ቀስት» ስንል ቀስት ብዙ ጊዜ ወደ ተወርዋሪው ያጋድላል። ስለዚህ ዛሬ የሚጎብጠውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ እላለሁ። መሣሪያው ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም፤ የጥንት ግብፃውያን ጎረቤታችንን ኑቢያን «ታ-ሴቲ»፣ የደጋን ምድር፣ ብለው ይጠሯት ነበር።

አሁን የጽሑፍ ማስረጃ ስለ ደጋን ምን እንደሚነግረን እንመልከት። የተሻለ የተመዘገበው የእንግሊዝ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1472 የወጣ ሕግ ወደ እንግሊዝ ወደቦች የሚገቡ ነጋዴዎች በእያንዳንዱ ቶን ጭነት አራት የደጋን እንጨት እንዲያመጡ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1484 ደግሞ በየበርሜሉ ወይን አሥር እንጨት ተጠየቀ። መንግሥት እንጨቱን መቁጠር ያውቅ ነበር፤ ቀረጡንና ዋጋውንም ያውቅ ነበር። ከእንጨቱ እንዴት ደጋን እንደሚወጣ ግን የሕጉ ጸሐፊ አልጻፈም፤ ሊጽፍም አይጠበቅበትም።

እ.ኤ.አ. 1545 በዚህ ረገድ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሮጀር አስካም «ቶክሶፊለስ» የተባለውን፣ በእንግሊዝኛ ስለ ደጋን ውርወራ ከተጻፉት መጻሕፍት ቀዳሚ የሆነውን ሥራ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ለተኳሹ ነው፤ ጥሩ ደጋን እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምራል። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር «ሜሪ ሮዝ» የተባለችው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ሰጠመች። ቅሪቷ እ.ኤ.አ. በ1982 ከባሕር ሲወጣ፣ ከውስጧ ከተገኙት ዕቃዎች መካከል 137 ሙሉ ደጋኖችና ከ3,500 በላይ ፍላጻዎች ነበሩ። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ሁለት ምንጮች ተቀብለናል፦ የሚናገር መጽሐፍና የማይናገር እንጨት። ስለ ሠሪው እጅ ይበልጥ የሚያስረዳን የማይናገረው ነው።

እንጨቱን ለመስማት ግን ጆሮ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ከአንድ አናጺ ግቢ ጥግ ተቀብዬ የመጀመሪያ ደጋኔን ከወይራ እንጨት በእጄ የሠራሁት ለዚህ ነው። ዓላማዬ ተኳሽ መሆን አልነበረም፤ ሠሪ በየደረጃው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚገጥመው ማወቅ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምርጫ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጉጥ ያልበዛበት፣ ያልተጠማዘዘ ግንድ ይፈለጋል። ግንዱ በመጋዝ ከሚሰነጠቅ ይልቅ በሽብልቅ ቢፈለጥ ይመረጣል፤ ፍልጡ የእንጨቱን ክር ተከትሎ ስለሚሄድ ክሩ አይቆረጥም። ከዚያ ጫፎቹ በሰም ወይም በቀለም ተሸፍነው ጥላ ውስጥ በዝግታ ይደርቃሉ፤ ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃልና። እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ነገር ይገባናል። ደጋን የሚሠራው በአንድ ቀን ቁጣ አይደለም፤ እንጨቱን ወራት አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ይኖራል። የደጋን ታሪክ ስለዚህ አስቀድሞ የማቀድ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የደጋኑ ጀርባ ነው። ተኳሹ ሲስበው ወደ ዒላማው የሚያየው ፊት ጀርባ ይባላል፣ ወደ ተኳሹ የሚያየው ደግሞ ሆድ። ሲጎብጥ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት ከጀርባው ሲበጠስ የሚጀምረው ክሩ ከተቆረጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር አንድ የዕድገት ቀለበት ተከትሎ መሄድ አለበት፤ ቀለበቱ ከጎበጠ ደጋኑም አብሮ ይጎብጣል እንጂ በመላጊያ አይስተካከልም። ለዓይን ጠማማ የሚመስለው እንጨት ለክሩ ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል። የሜሪ ሮዝ ደጋኖች የተሠሩበት «ዩው» የተባለው ዛፍ በዚህ የተለየ ነው። ከልጡ ቀጥሎ ያለው ነጭ ክፍል መለጠጥን ይችላል፤ ቀላ ያለው ውስጡ መጨመቅን ይችላል። ሠሪው ሁለቱን በአንድ ዘንግ ላይ አስቀርቶ ሲጠርብ፣ ተፈጥሮ ያጣመረችውን ነገር በሥራ ላይ ያውላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ እንጨቱን መጎበጥ ማልመድ። ደጋኑ በረጅም አውታር ታስሮ በጥቂቱ ይሳባል፤ ሠሪው ከሩቅ ቆሞ ሁለቱን ክንፎች ያያል። የማይጎብጠውን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ከሆዱ በኩል በስሱ ይፍቃል፣ እንደገና ደጋግሞ በቀስታ ይስበዋል፣ እንደገና ያያል። ከመጠን በላይ የሚጎብጠውን ቦታ አይነካም። በዚህ ደረጃ መጥረቢያው ይቀመጣል፤ ሥራው ወደ ሞረድ፣ ቀጥሎም ወደ ቢላዋ ጠርዝ ይሸጋገራል።

ለምን እንዲህ በስሱ? ምክንያቱ ስሌት ነው። የእንጨት ግትርነት ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ይሄዳል፣ ከውፍረቱ ጋር ግን በሦስት እጥፍ ብዜት ይሄዳል። ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ብትቀንሱ ግትርነቱ በአንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ብትቀንሱ ግን ከ27 በመቶ በላይ ታጣላችሁ፤ 0.9 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.729 ነውና። የጥንቱ ሠሪ ይህን ቀመር አልጻፈውም፤ ጣቱ ግን ያውቀዋል። የፋቀው አይመለስም፤ ስለዚህ ጥበቡ በዋነኛነት መቼ ማቆም እንደሚገባ ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ኦትዚ እንመለስ። ያ ደጋን እንደ ደንቡ የተጠረበ፣ ነገር ግን በውፍረቱ ገና የሚቀነስበት ነው። ቁመቱ 1.60 ሜትር ገደማ የሆነ ሰው 1.82 ሜትር ዘንግ ሲመርጥ፣ ረጅም ደጋን በአንድ ቦታ ላይ የሚደርሰውን ጫና እንደሚያከፋፍል ያወቀ ይመስላል። የመጥረቢያውን ምት ሳይ የማየው ያልተጠናቀቀ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከመጎበጥ ልምምድ በፊት በአስተዋይነት የተተወ ትርፍ እንጨትም ነው። መዝገብ የማይሰጠን ይህን ዓይነቱን ንባብ ነው።

የዘዴውን ወሰን ግን ልናውቅ ይገባል። እኔ በዘመናዊ ሞረድ የሠራሁት ደጋን የጥንቱ ሰው እንዲሁ አደረገ ብሎ አያረጋግጥም። ሊያደርግ የሚችለውን ያሳያል፣ የማይቻለውን ይለያል፣ ለሙዚየሙ ዕቃ የምናቀርበውን ጥያቄ ያሰላል። ማስረጃው አሁንም ጥንታዊው እንጨት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ወሰን ግን ሌላ ነው፦ የሚያስተምር እጅ ሳይኖር እንጨት ብቻውን ሲቀር። የያሂ ሕዝብ ወገን የነበረው ኢሺ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ ብቻውን ብቅ አለ። ወገኖቹ በሰፋሪዎች ግድያና በመሳደድ አልቀው ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ሲኖር፣ ሳክስተን ፖፕ የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ደጋን መሥራትን ከእርሱ ተማረ። ኢሺ ቁመቱን በሜትር አልለካም፤ እንጨቱን በደረቱ ላይ አጋድሞ ከዳሌው እስከ ተዘረጋ መዳፉ ለካው። መለኪያው የሚስበው ሰው አካል ነበር። ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ፖፕ የተማረውን እ.ኤ.አ. በ1918 አሳተመ። ያ ጽሑፍ ለእኔ ውድ ነው። ግን የተጻፈው አንድ ሰው ብቻ ሲቀር እንደሆነ አልረሳም። እውቀቱ በመጽሐፍ ተረፈ፤ ሕዝቡ አልተረፈም። አንድ ምሁር ወደ ሙያ የሚቀርብበት ትክክለኛ ሰዓት ያ ሊሆን አይገባም።

ይህ ለእኛ ቅርብ ጉዳይ ነው። በአገራችን ደጋን ከጦር ሜዳ ቢወጣም ከሥራ አልወጣም። ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን አለ፤ የማሲንቆ መምቻም ደጋን ይባላል። ሁለቱም የሚጎብጥ እንጨትና የተወጠረ ነገር ናቸው፤ ሁለቱንም የሚሠሩና የሚያድሱ እጆች እንጨት ስለመምረጥ፣ ስለማድረቅና መቼ ማቆም እንደሚገባ ያውቃሉ። እነዚህን እጆች ግን በትምህርት ቤታችን ደጃፍ አናያቸውም። ሸማኔን፣ ቀጥቃጭንና ፋቂን በሥራው የመናቅ ልማድ ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ እስኪከለክሉት ድረስ ሥር የሰደደ ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ምሁሩ ባለሙያውን የእውቀት ምንጭ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ግን የአዋጅ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምተወው ሐሳብ ይህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ ከመዝገብ ቤት ጎን ለጎን አንድ የሥራ ቦታም ምረጡ። ወደ ባለሙያው ስትሄዱ መጠይቅ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለመማር ፈቃዱን ጠይቁ፣ ጊዜውንም ዋጋውንም አክብሩ፣ ስሙ በሥራችሁ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ባለሙያ ለጠያቂ ብዙ አይናገርም፤ እጁ ለራሱ ግልጽ ስለሆነበት ነው። ለጀማሪ ግን «እዚህ ላይ አቁም» ይላል። ያ «አቁም» የሚለው ቃል በየትኛውም መዝገብ የማናገኘው የታሪክ ምንጭ ነው፤ የሚሰማውም እንጨቱን የያዘ ሰው ነው።