ከጣና እስከ ንጋት፦ በዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ላይ የባትሪ አሞላል ታሪክ

የመተከል ዞን መቀመጫ የሆነችው ግልገል በለስ በሁለት ሐይቆች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ጥንታዊው ጣና፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ በጉባ ምድር የተፈጠረው ንጋት ሐይቅ ይገኛሉ። በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና በ4 ተርባይኖች 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታነጸው የጣና በለስ ጣቢያ የጣናን ውሃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ተፋሰስ ያወርደዋል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መሞላት የጀመረው የህዳሴ ግድብም ይህንኑ ውሃ ከዓባይ ጋር ተቀብሎ ያቁራል። እንግዲህ ውሃው መንገዱን አግኝቷል። በጣና ላይ የተገኘው የሞተር ጀልባ ሙያም ውሃውን ተከትሎ ሲወርድ ምን ሊለወጥለት እንደሚገባ መመርመር የባለሙያዎች ፈንታ ነው።

በጣና የዓሣ ማስገር ሥራ ለብዙ ዘመን የተከናወነው ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ነበር። በዚህም ሥራ ነገደ ወይጦ ስመ ጥር ሆኖ ቆይቷል። ታንኳው በሰው ክንድ የሚቀዘፍ በመሆኑ ባትሪም ሆነ ገመድ አያሻውም ነበር። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አስጋሪዎች በልማት ፕሮግራም አማካይነት የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሞተር በጀልባ ላይ ሲገጠም፣ ዛሬ በገመድ ተስቦ የሚነሣው ነገ በቁልፍ ይነሣል፤ የሌሊት መብራትና የስልክ መሙያም ይከተላሉ። በዚያን ጊዜ የሰውየው ደኅንነት ከጀልባው ወለል ሥር በተቀመጠች አንዲት ሣጥን ላይ የተመሠረተ ይሆናል። በሐይቅ መካከል ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሞተሩ ባይነሣ፣ ጥፋቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

ይህች ሣጥን አሮጌ ፈጠራ ናት። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ደጋግሞ ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ሲሆን፣ ካሚል ፎር በ1881 የእርሳስ ሊጥ በመቀባት አቅሙን አሳደገው። ባትሪው የሚቀበለው በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክን ብቻ ስለሆነ፣ ከወደብ የሚመጣው 220 ቮልት መጀመሪያ ዝቅ መደረግ፣ ቀጥሎም በሬክቲፋየር መቃናት አለበት። የሲሊኮን ዳይዮድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲስፋፋ ቻርጀሩ ቀላልና ትንሽ ሆነ፤ በኋላም የባትሪውን ሁኔታ እየለካ በደረጃ የሚሞላው ዓይነት መጣ። ይሁን እንጂ መሣሪያው እየረቀቀ በሄደ መጠን፣ ሲበላሽ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ የመጣል ልማድም አብሮ አደገ።

ነገር ግን ልምድ ያለው ባለሙያ ምርመራውን ከቻርጀሩ አይጀምርም። አስቀድሞ ባትሪውን ለብቻው ይለካል። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት ሲገባው፣ 10.5 አካባቢ ከቀረ ከ6ቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። እጅግ ባዶ የሆነን ባትሪ ዘመናዊ ቻርጀር ባትሪ መሆኑን ሳያውቀው መሙላት እንቢ ሊል ይችላል፤ ይህ የቻርጀሩ ብልሽት አይደለም። ቀጥሎ ፊውዙንና ከወደብ የሚመጣውን መስመር ያያል። ከዚያም ቻርጀሩ በሚሠራበት ጊዜ በመውጫው ላይና በባትሪው ጫፎች ላይ ቴስተሩን ያኖራል። መውጫው 14.4፣ የባትሪው ጫፍ 13.6 ካሳየ፣ 0.8 ቮልት በመንገድ ጠፍቷል ማለት ነው። ሌባው የዛገ ማሰሪያ፣ የላላ ብሎን ወይም የቀጠነ ገመድ ነው። በዚህ ቀላል ልኬት ብቻ ሊጣል የነበረ ቻርጀር ከመጣል ይድናል።

የጣና ሙያ በንጋት ሐይቅ እንዳለ ሊሠራበት የማይችለው ግን በሙቀት ምክንያት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ የንጋት የሙሉ ውሃ ወለል 640 ሜትር ብቻ ነው። ባትሪ በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው የመሙያ ቮልት ይቀንሳል፤ ቅናሹም ለ12 ቮልት ባትሪ በየ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት ይደርሳል። ስለዚህ ለ25 ዲግሪ ተስተካክሎ 14.4 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር፣ ባትሪው 40 ዲግሪ በሆነበት ጀልባ ውስጥ ወደ 14 ቮልት ገደማ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ ባትሪው ይፈላል፣ የባትሪው ውሃ ይቀንሳል፣ ሳህኖቹም ይጎዳሉ። ባለቤቱም ጥሩውን ባትሪ «ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይጥለዋል፤ እርሳሱና አሲዱም ዓሣ በሚታረስበት ዳርቻ ይቀራል።

ስለሆነም በግልገል በለስና በጉባ ለሚሠራ ባለሙያ ሦስት ነገሮች ይበቁታል፦ ቴስተር፣ ሙቀትን የሚያገናዝብ ቻርጀር፣ በወር አንድ ጊዜም የባትሪውን ውሃ የመመልከት ልማድ። በ1970ዎቹ ማብቂያ በፓዌ ሜዳ ላይ የተዘረጋው የጣና በለስ ፕሮጀክት ያስተማረው አንድ ትምህርት ቢኖር፣ ለአንድ ስፍራ የተዘጋጀ መሣሪያና ዕቅድ በሌላ ስፍራ ሲተከል የስፍራውን ጠባይ መጠየቅ እንዳለበት ነው። ከደጋው ሐይቅ ወደ ቆላው ሐይቅ የሚወርደውም ሙያ ይህንኑ ጥያቄ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።