ያኖሽ ካዳር እና ስሙን ያልጠራው ሟች

ጁላይ 6 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. የሀንጋሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምሬ ናጂን ከክስ ነጻ ለማለት ቡዳፔስት ላይ ተሰይሟል። ናጂ ከተሰቀለ 31 ዓመት አልፎታል። ችሎቱ ገና ሳይነሳ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረች። ያኖሽ ካዳር ሞቷል ትላለች። ናጂ ሲሰቀል አገሪቱን ይመራ የነበረው ያው ካዳር ነው።

ካዳር በ1912 ፊዩሜ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። እናቱ የቤት ሠራተኛ፣ አባቱ ደግሞ እናቱን ያላገባ ወታደር ነበር። የጽሕፈት መኪና ጥገና ተማረ፤ በ19 ዓመቱ በሕግ የታገደውን የኮሚኒስቶች እንቅስቃሴ ተቀላቀለ። ከጦርነቱ በኋላ ሹመቱ ፈጠነ፤ በ1948 የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነ። ከእርሱ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ላስሎ ራይክ በቀጣዩ ዓመት በስለላ ተወንጅሎ ሲታሰር፣ ካዳር እስር ቤት ድረስ ሄዶ «ጥፋትህን እመን» ብሎ አግባባው። ራይክ ተሰቀለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተረኛው ራሱ ካዳር ሆነ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበትና በ1954 ተፈታ።

የሕይወቱ ቁልፍ ግን 1956 ነው። በኦክቶበር ሕዝቡ አመፀ፤ ናጂ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ካዳር የፓርቲው መሪ ሆኑ። ኖቬምበር 1 ናጂ አገሪቱ ከዋርሶ ስምምነት መውጣቷን አወጀ። የዚያን ዕለት ምሽት አመፁን የሚያወድስ የካዳር ንግግር በሬዲዮ ተላለፈ፤ ተናጋሪው ግን ወደ ሶቪየቶች ሄዶ ነበር። ወደ ሞስኮ ተወሰደ፤ ኖቬምበር 4 ታንኮቹ ቡዳፔስት ሲገቡ የአዲሱ መንግሥት መሪ ተብሎ ታወጀ።

ናጂ ዩጎዝላቪያ ኤምባሲ ተጠለለ። ካዳር ማንም እንደማይነካው በጽሑፍ አረጋገጠለት። ናጂና ባልደረቦቹ ያንን ወረቀት አምነው ሲወጡ የተሳፈሩበትን አውቶቡስ የሶቪየት ወታደሮች ይዘውት ሄዱ። መጀመሪያ ሮማኒያ ታገተ፤ በጁን 1958 ቡዳፔስት ውስጥ ተሰቀለ። በኋላም አስከሬኑ በከተማዋ ዳርቻ፣ 301 ቁጥር በሚባል የመቃብር ስፍራ፣ ፊቱ ወደ መሬት ተደፍቶ፣ በሐሰተኛ የሴት ስም ተቀበረ። በአመፁ ሳቢያ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ወደ 200,000 የሚጠጉ ተሰደዱ።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ይኸው ሰው «የማይቃወመን ሁሉ ከእኛ ጋር ነው» አለ፤ በ1963 ለብዙ እስረኞች ምሕረት አደረገ። በ1968 ፋብሪካዎች ከማዕከላዊ ዕቅድ ትእዛዝ በከፊል እንዲላቀቁ ፈቀደ። (በዚያው ዓመት ወታደሮቹን ከሶቪየቶች ጋር ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ልኳል፤ ይህም አይረሳ።) ሱቆች ሞሉ፤ ሰው ማቀዝቀዣ ገዛ፣ ወደ ምዕራብ አውሮፓ መጓዝ ቻለ። ዓለም በአገሪቱ ወጥ ስም «የጉላሽ ኮሚኒዝም» አለው። ካዳር ራሱ ኑሮው ቀለል ያለ ነበር፤ በየአደባባዩ ሐውልቱን አላቆመም። ስምምነቱ ያልተጻፈ ቢሆንም ሁሉም ያውቀዋል፦ ሆድህ ይጥገብ፣ 1956ን ግን አታንሳ። ወጪው ደግሞ በብድር ነበር። በ1980ዎቹ የውጭ ዕዳው ሲከብድና ሞስኮ ላይ ጎርባቾቭ ሲመጣ ውሉ ላላ።

በሜይ 1988 ከ32 ዓመት ሥልጣን በኋላ ከዋና ጸሐፊነት ወረደ። ኤፕሪል 12 ቀን 1989 ማዕከላዊ ኮሚቴው ፊት ቆሞ የተምታታ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስለዚያ ኤምባሲ፣ ስለ ሰጠው ዋስትና እየተመላለሰ ሲያወራ የናጂን ስም ግን አይጠራም። አድማጮቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ጁን 16 ናጂ በክብር እንደገና ሲቀበር አደባባዩ በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ካዳር ሦስት ሳምንት ብቻ ቆየ።

እርሱንም ለመሰናበት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰለፈ። በ2007 ደግሞ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በሌሊት መቃብሩን ሰብረው የራስ ቅሉን ወስደውታል።