ስለ ጋራ ገንዘብና ስለ ነቀርሳ ሕመምተኞች

አንባቢ ሆይ፤ የሰውን ኪስና የሰውን ልብ በአንድ ጊዜ የሚፈትን በሽታ ቢኖር ነቀርሳ፥ ማለት ካንሰር ነው። ወባ የያዘው ሰው በጥቂት ብር መድኃኒት ገዝቶ በጥቂት ቀን ይነሣል። ካንሰር የያዘው ሰው ግን ምርመራው፥ ቀዶ ጥገናው፥ የጨረር ሕክምናውና መድኃኒቱ ተደራርበው፥ ደኅና ኑሮ አለው የሚባለውን እንኳ ቤቱን እስከ መሸጥ ያደርሱታል። ስለዚህ የዚህን በሽታ ሕክምና ብቻውን ከፍሎ የሚዘልቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ሰው የሚታከመው ሌሎች ሰዎች ከእርሱ ጋራ ሆነው ሲከፍሉለት ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ያዋጣው ገንዘብም ቢሆን መጨረሻ አለው። መጨረሻ ያለውን ገንዘብ መጨረሻ ለሌለው ችግር እንዴት ያካፍሉታል? በዚህ ጥያቄ ብዙ ከደከሙት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናትና፥ ታሪኳን ጠቅሼ የተረዳኝን ለመጻፍ አሰብሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የካንሰር ሐኪሞች ትልቅ ተስፋ ራዲየም የሚባለው ማዕድን ነበረ። ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ሆነ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሊገዛው አይችልም ነበር። ስለዚህ በ1929 የእንግሊዝ መንግሥት ራዲየም ገዝቶ ለሆስፒታሎች የሚያካፍል ድርጅት አቋቋመ። በ1939 ደግሞ የካንሰር ሕግ የሚባል ሕግ ወጣ። ይህም ሕግ የየአውራጃው አስተዳደር ለካንሰር ሕመምተኞች ሕክምና እንዲያዘጋጅ አዘዘ፤ ካንሰርን እናድናለን እያሉ ለሕዝብ ማስታወቂያ መንገርንም ከለከለ፤ ተስፋ የቆረጠን ሰው ማታለል ቀላል ነውና። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጦርነቱ ስለ ተነሣ የታሰበው ሁሉ ሳይፈጸም ቀረ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነገሩን ከፍጻሜ ያደረሰው የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ነው። ቤቫን በ1897 በዌልስ አገር ትሬዲጋር በምትባል ከተማ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ተወለደ፤ ራሱም ገና በልጅነቱ ማዕድን ጉድጓድ ገብቶ ሠርቷል። እኛ ለቀብርና ለኀዘን እድር እንደምናቋቁም፥ የዚያች ከተማ ሠራተኞችም ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የሚታከሙበት ማኅበር ነበራቸው። ቤቫን በትውልድ ከተማው ያየውን ይህን ሥራ ለአገሩ ሁሉ አሰበው። ሐምሌ 5 ቀን 1948 የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድኻውም ሀብታሙም በሆስፒታል በር ላይ ገንዘብ ሳይጠየቅ እንዲታከም ሆነ፤ ወጪው የሚሸፈነው ሁሉም ከሚከፍለው ግብር ነበርና።

የሆነ ሆኖ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የገንዘቡ መጨረሻ ታየ። በ1951 መንግሥት በኮርያ ጦርነት ምክንያት የመሣሪያ ወጪ ስለ በዛበት፥ ሕዝቡ ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር እንዲከፍል ወሰነ። ቤቫንም ይህን ተቃውሞ ከሚኒስትርነት ሥራው ለቀቀ። በ1952 ለመድኃኒት ማዘዣ አንድ ሺሊንግ ይከፈል ተባለ፤ በ1965 ይኸው ተሻረ፤ በ1968 ግን ተመለሰ። በእንግሊዝ የካንሰር ሕመምተኞች ከማዘዣው ክፍያ ነጻ የወጡት በ2009 ነው። ቤቫን ይህን አላየም፤ በ1960 በሆድ ዕቃ ካንሰር ሞቶ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር ከሺሊንግ የከበደ ነው። ለካንሰር የሚሆኑ አዳዲስ መድኃኒቶች ተገኙ፤ ዋጋቸው ግን ለአንድ ሰው በብዙ ሺሕ ፓውንድ የሚቈጠር ሆነ። ስለዚህ በ1999 መንግሥት መድኃኒትን ከጥቅሙና ከዋጋው ጋራ የሚመዝን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። መሥሪያ ቤቱም አንድ መድኃኒት ለሕመምተኛው በጤና የሚኖርበትን አንድ ዓመት ለመጨመር ምን ያህል ያስወጣል ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሚዛኑ ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ነበረ፤ ዋጋው ከዚያ ያለፈው መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም ነበር። በሰው ሕይወት ላይ ዋጋ መጻፍ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሚዛን ሳይነገር ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ እንመልከት።

በ2006 የጡት ካንሰር የያዛት አንዲት ሴት ሄርሴፕቲን የሚባለው መድኃኒት እንዲሰጣት የአካባቢዋን የጤና መሥሪያ ቤት ከሰሰች። መሥሪያ ቤቱ መድኃኒቱን የሚከለክለው በገንዘብ ምክንያት እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ልዩ ሁኔታ ላለው ሰው ብቻ እንደሚሰጥ ተናገረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን፥ ገንዘብ ምክንያት ካልሆነ መድኃኒቱ ከሚጠቅማቸው ሴቶች አንዷን ከሌላዋ የሚለይ በቂ ምክንያት የለም ብሎ ደንቡን ሻረው። አስተውሉ፤ መሥሪያ ቤቱን ያስረታው የገንዘቡ ማነስ አይደለም፤ ምክንያቱን በግልጽ አለማቆሙ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለታማሚ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም ይሠራል።

በዚያን ጊዜ ሌላም ክፉ ልማድ ነበረ። የተከለከለውን መድኃኒት በገዛ ገንዘቡ የገዛ ሕመምተኛ፥ ከጋራው ሕክምና ወጥቷል ተብሎ የቀረውንም ሁሉ ከኪሱ እንዲከፍል የሚደረግበት ጊዜ ነበረ። ይህም የተደረገው በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ሀብታምና ድኻ እንዳይለይ ነው። አሳቡ ስለ እኩልነት ነበረ፤ ሥራው ግን ዕድሜውን ሙሉ ግብር የከፈለን ሰው በሕመሙ ቀን መቅጣት ሆነ። በሕመምተኞች ጩኸት ብርታት ነገሩ ተመርምሮ፥ በኅዳር 2008 ልማዱ ተሻረ።

በ2011 ደግሞ ሕዝቡ ስለ ጮኸ፥ መንግሥት ለተከለከሉት የካንሰር መድኃኒቶች ብቻ በዓመት 200 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። እስከ 2016 ድረስ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። በ2017 የታተመ ጥናት መድኃኒቶቹ የተፈቀዱባቸውን 47 ምክንያቶች መርምሮ፥ ዕድሜ እንደሚጨምሩ የተረጋገጠው በ18ቱ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ የተጨመረውም ዕድሜ በመካከለኛ ግምት 3 ወር ያህል ነው። ገንዘቡ የተመደበው ለመድኃኒት ብቻ ስለ ነበረ፥ በሽታውን ቀድሞ ለሚያገኝ ምርመራም ሆነ ለቀዶ ጥገና አልደረሰም። በቤተሰብ ሐኪም በአስቸኳይ ከተላኩት የካንሰር ሕመምተኞች ከ100ው 85ቱ በ62 ቀን ውስጥ ሕክምና ይጀምሩ የሚለው ደንብ ግን ከ2015 መጨረሻ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ቀርቷል።

እኔ ሦስት ወርን አልንቅም። ልጁን እስኪድር፥ ከወንድሙ እስኪታረቅ ሦስት ወር የሚለምን ሰው አለ፤ ለእርሱ ይህ ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የሚታይ ሕመምተኛ በጋዜጣ ላይ ፊቱ ይወጣል፤ ዘመዶቹም ይጮኹለታል። ምርመራ ስለ ዘገየበት የሚሞተው ሰው ግን ገና መታመሙን እንኳ አያውቅምና ማን ይጮኽለት? የጋራ ገንዘብ ጠባቂ ያልተሰማውን ድምፅ ጭምር የመስማት ግዴታ አለበት። ርኅራኄ ለሚታየው ብቻ ሲሆን አድልዎ ይሆናል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይቅር። በአገራችን በ2003 ዓመተ ምሕረት በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ አሳቡም የትሬዲጋር ሠራተኞች ካሰቡት ጋራ አንድ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበረ፥ ከገጠር የሚመጣ ሕመምተኛ ከሕክምናው ዋጋ በፊት የመንገዱና የማደሪያው ወጪ፥ ከዚያም ወረፋው ያደክመው ነበር። መዋጮ ብቻውን ሕክምና አይሆንም፤ ሐኪሙና መሣሪያው ለሕመምተኛው ቅርብ ሊሆኑ ይገባል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሃምሳው ሰው ግን ሎሚው ስንት እንደ ሆነና ለማን እንደሚሰጥ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። እምቢታን እንኳ ሰው ምክንያቱ በእውነት ሲነገረውና ሚዛኑ ለጎረቤቱም አንድ መሆኑን ሲያይ ይችለዋል፤ የማይችለው መታለልን ነው። የሚያዋጣ ሁሉ ይህን ይጠይቅ፤ የሚያካፍልም ሁሉ ይህን ይመልስ።