በሁለት ቋንቋ መካከል፦ የኮምፒውተርና የሞኒተር ግንኙነት ታሪክ

አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ከቀድሞው የተረፈውን ሞኒተር ሊያገናኝ ሲሞክር ብዙ ጊዜ ያልጠበቀው እንቅፋት ይገጥመዋል። ከሞኒተሩ የሚወጣው ኬብል ጫፉ ሰማያዊ፣ 15 ፒን ያለው ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ይህን የሚቀበል ሶኬት የለውም። ሰውየው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይሄዳል። ሻጩም መልካቸው የሚመሳሰል፣ ዋጋቸው ግን የሚራራቅ ሁለት ዕቃዎች ያቀርብለታል። ርካሹን ይገዛል፤ ወስዶ ይሰካል፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሞኒተሩ አርጅቷል፣ ይጣል።»

ፍርዱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ሞኒተሩ ጤነኛ ነው፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ። የጎደለው በመካከላቸው የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ይህ አስተርጓሚ ለምን እንዳስፈለገና የትኛው ትክክለኛ እንደሆነ ለመረዳት፣ ሁለቱ ወገኖች እንዴት በቋንቋ እንደተለያዩ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያሻል።

አናሎግ አዲስ በነበረበት ጊዜ

የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ነበር። አብረውት ሁለት ዓይነት የቪዲዮ ካርዶች ቀረቡ። ኤምዲኤ የተባለው ጽሑፍን ብቻ በአንድ ቀለም ያሳይ ነበር፤ ሲጂኤ የተባለው ደግሞ ኅብረ ቀለም ነበረው። ዛሬ ብዙዎችን የሚያስገርመው ነገር፣ እነዚህ ካርዶች በባለ 9 ፒኑ ሶኬታቸው ለሞኒተሩ የሚልኩት ምልክት ዲጂታል መሆኑ ነው። በሲጂኤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለድምቀት ለእያንዳንዳቸው አንድ ሽቦ ተመድቦላቸዋል። እያንዳንዱ ሽቦ የሚያውቀው «አለ» ወይም «የለም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ስለሆነ፣ አራቱ ሽቦዎች ተባብረው ከ16 ቀለማት በላይ ማስገኘት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው ኢጂኤ የቀለም ሽቦዎቹን ወደ ስድስት ከፍ በማድረግ ምርጫውን 64 አደረሰው። በዚህ ስሌት ከተሄደ፣ ቀለማቱን እጥፍ ለማድረግ በተፈለገ ቁጥር አንድ ሽቦ መጨመር ግድ ይሆናል።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው የተገኘው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1987 ነው። አይቢኤም ፒኤስ/2 በተባሉት ኮምፒውተሮቹ ላይ ቪጂኤን ይዞ ብቅ አለ። ቪጂኤ ለቀለም የመደበው ሦስት ሽቦ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከዜሮ እስከ 0.7 ቮልት ባለው መጠን ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ነገሩ መብራትን ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ የውኃ ቧንቧን በጥቂቱም በብዙም ከመክፈት ጋር ይመሳሰላል። ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ደግሞ የመስመሩን መጨረሻና የገጹን መጨረሻ ያስታውቃሉ። በዚህ ዘዴ የቀለሙ ምርጫ በአንድ ጊዜ ወደ 262,144 አሻቀበ። እርግጥ ነው፣ በዚያን ጊዜው የማስታወሻ አቅም በአንድ ገጽ ላይ አብረው ሊታዩ የሚችሉት 256፣ በ640 በ480 ነጥቦች ጥራት ደግሞ 16 ብቻ ነበሩ።

አናሎጉ ምልክት ለዘመኑ ሞኒተር የተመቸም ነበር። ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው የካቶድ ጨረር ቱቦ፣ ከኋላው የገዘፈው የቀድሞው ሞኒተር አባት ነው። በቱቦው ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየጠረገ ያልፋል፤ በሽቦው የመጣው የቮልት መጠን ከፍ ሲል ነጥቡ ይደምቃል፣ ዝቅ ሲል ይደበዝዛል። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዛሬ «ያረጀ» የሚባለው አናሎግ በ1987 አዲሱ ነበር፤ ያኔ አሮጌ የተባለው ዲጂታሉ ነው። የኢጂኤ ብቻ ሞኒተር የነበራቸው ሰዎች አዲሱን ቪጂኤ ሲገዙ፣ የዛሬው ገዢ የሚገጥመው ዓይነት ችግር ገጥሟቸዋል። ስለዚህ የችግሩ ምንጭ የዕቃው ዕድሜ ሳይሆን የምልክቱ መለያየት ነው።

ፊደልና ነጥብ

የስክሪን ነገር የላቲን ፊደል ለማይጠቀሙ ሕዝቦች ሌላም ትርጉም ነበረው። በቀድሞዎቹ ካርዶች የጽሑፍ ገጽ የሚታዩት ምልክቶች በካርዱ ውስጥ አስቀድመው የተቀረጹ 256 ብቻ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል 33ቱ ዋና ዋና ሆህያት በሰባቱ ድምፆች ሲባዙ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። ለላቲኑም ቦታ መተው ስለሚያስፈልግ ሁሉንም በዚያ ጠባብ ቤት ማኖር አልተቻለም። መፍትሔው እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ መሣል ነበር፤ ይህም የስክሪኑን የነጥብ ብዛት የሞት የሽረት ጉዳይ አደረገው።

ተመሳሳይ ችግር ከሌላ አገር የታወቀ ካርድ ወልዷል። የሄርኩለስ ኩባንያ መሥራች የነበረው ታይላንዳዊው ቫን ሱዋኑኩል የቪዲዮ ካርዱን እ.ኤ.አ. በ1982 የሠራው፣ የመመረቂያ ጥናቱን በታይ ፊደል ለመጻፍ ፈልጎ እንደነበር ይነገራል። ካርዱ በ720 በ348 ነጥቦች ሥዕል ስለሚያሳይ በዘመኑ ገበያ ገናና ሆኖ ነበር።

በአማርኛ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የምልክቲቱ ከፍታ ነው፤ «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለያት ደግሞ ትንሽ ቀለበት ናት። በሲጂኤ የላቲን ፊደል በ8 በ8 ነጥብ ይቀረጽ ነበር። በዚያ ቦታ ቀለበትን ከሰረዝ መለየት አስቸጋሪ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ሲያገኝ፣ የቪጂኤ ተከታዮች የሆኑ ሞኒተሮች ለእነዚህ ቀጫጭን ምልክቶች የሚበቃ ነጥብ ነበራቸው። ነገሩ ዛሬም አልሞተም። መጥፎ ኮንቨርተር ወይም ያልተስተካከለ የነጥብ ልክ ስክሪኑን ሲያደበዝዘው፣ በቅድሚያ የሚጠፉት እነዚያው ቀለበቶችና ሰረዞች ናቸው።

የመለያየቱ ዘመን

ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ የቪጂኤ ጥቅም መመናመን ጀመረ። ጠፍጣፋው ስክሪን በውስጡ የሚሠራው በዲጂታል ነው። ኮምፒውተሩም ዲጂታል ነው። በመካከላቸው ቪጂኤ ሲቆም ግን ምስሉ መጀመሪያ ወደ አናሎግ፣ ቀጥሎ ተመልሶ ወደ ዲጂታል ይተረጎማል። ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ጽሑፍ ጥቂትም ቢሆን ከመጀመሪያው መራቁ አይቀርም።

ይህን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1999 ዲቪአይ ወጣ። የዲቪአይ ነዳፊዎች አስተዋዮች ነበሩ። ዲቪአይ-አይ በተባለው ሶኬት ውስጥ ዲጂታሉንም አናሎጉንም አብረው አኖሩ፤ በጠፍጣፋዋ ፒን ዙሪያ የሚታዩት አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች የአናሎጉ በሮች ናቸው። ዲቪአይ-ዲ የተባለው ወንድሙ ግን እነዚህ አራት ቀዳዳዎች የሉትም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ኤችዲኤምአይ ከዲቪአይ ዲጂታሉን ብቻ ወረሰና ድምፅ ጨመረበት፤ አናሎጉን ጨርሶ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ዲስፕሌይፖርትም እንዲሁ ፍጹም ዲጂታል ነው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ ቪጂኤን እስከ 2015 ድረስ ከምርቶቻቸው ለማስወጣት ማቀዳቸውን በአንድነት አስታወቁ። በዕቅዱ መሠረት ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተፈጸመም፤ ነገር ግን አናሎጉ ከአዳዲስ የቪዲዮ ካርዶች እየተነቀለ ሄደ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጡት የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 10 ካርዶች የዲቪአይ ሶኬት ቢኖራቸውም አናሎግ አልነበረውም።

ተሸካሚና አስተርጓሚ

በገበያ «አዳፕተር» እና «ኮንቨርተር» የሚሉት ቃላት ተቀላቅለው ይነገራሉ፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ግን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያስተውላል። አንዱ ዓይነት ምልክቱን ሳይነካ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ይለውጣል፤ በውስጡ ከሽቦ በቀር ምንም የለም። ይህ ተሸካሚ ነው። ሌላው በውስጡ ቺፕ ያለው፣ ዲጂታሉን ተቀብሎ አናሎግ አድርጎ የሚያወጣ ነው። ይህ አስተርጓሚ ነው።

ተሸካሚው የሚበቃው በሁለቱም ጫፍ አንድ ቋንቋ ሲነገር ነው። ከዲቪአይ-አይ ወደ ቪጂኤ፣ እንዲሁም ከዲቪአይ-ዲ ወደ ኤችዲኤምአይ ለመሻገር ርካሹ ዕቃ ይበቃል፤ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ። ከኤችዲኤምአይ፣ ከዲስፕሌይፖርት ወይም ከዲቪአይ-ዲ ወደ ቪጂኤ ለመሻገር ግን አስተርጓሚው ግዴታ ነው። በመግቢያው የተጠቀሰው ሰው ስክሪኑ የጨለመበት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የገዛው ባዶ ሽቦ ነበር።

አስተርጓሚውም ቢሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚተረጉመው፣ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ አይተረጉምም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የኮምፒውተሩ ሶኬት የትኛው ነው? የሞኒተሩስ?» የሚለው ነው። ቺፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ በኤችዲኤምአይ ሶኬት የሚመጣው ኃይል አነስተኛ በመሆኑ፣ አንዳንዱ ኮንቨርተር ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ተጨማሪ ገመድ አለው። ይህ ገመድ መኖሩ ጉድለት ሳይሆን ዋስትና ነው። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ፣ ድምፅ የሚፈልግ ሰው የድምፅ ማውጫ ያለውን መምረጥ ወይም ድምፁን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ መውሰድ ይኖርበታል። በአዲሱ ዩኤስቢ-ሲ ሶኬት ላይም ማስተዋል ያሻል፤ ቅርጹ አንድ ቢሆንም ምስል የሚያወጣው ሁሉም አይደለም።

ከተሰካ በኋላ ስክሪኑ «ከልክ ውጭ» የሚል መልእክት ቢያሳይ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ሞኒተር አቅሙን ለኮምፒውተር የሚናገርበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቢኖርም፣ በጣም የቆየ ሞኒተር ወይም ደካማ ኮንቨርተር ይህን መልእክት ላያደርስ ይችላል። ያን ጊዜ የነጥቡን ልክ በእጅ ማስተካከል ይገባል፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ባለ 17ና ባለ 19 ኢንች ጠፍጣፋ ስክሪኖች የሚስማማቸው 1280 በ1024 ነው። የሚስማማው ልክ ሲሰጠው ፊደሉም ጥርት ብሎ ይነበባል።

የሚጣለው የት ይወድቃል?

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ትንሽ ዕቃ የበዛ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በስሕተት የተፈረደበት ሞኒተር አይተንም። በካቶድ ጨረር ቱቦው መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ፤ በቀድሞዎቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች መብራት ውስጥም ሜርኩሪ አለ። የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1991 በባማኮ ተሰብስበው አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሪቱ እንዳይገባ የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቁት፣ የሌላው ዓለም ጥራጊ በአፍሪካ ምድር ላይ ሲራገፍ አይተው ነው። ከውጭ የሚመጣውን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ገና የሚያገለግለውን በገዛ እጅ ቆሻሻ አለማድረግ ደግሞ ሌላ።

የኮምፒውተር ሠሪዎች የምልክቱን ቋንቋ ሁለት ጊዜ ሲለውጡ ባለ ሞኒተሩን አላማከሩትም፤ ወደፊትም አያማክሩትም። በባለ ሞኒተሩ እጅ የቀረው ሁለቱ ወገኖች በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ ማወቅና ተሸካሚውን ከአስተርጓሚው ለይቶ መግዛት ነው። ይህን የጠየቀ ሰው በትንሽ ወጪ ሞኒተሩን ለተጨማሪ ዓመታት ያሠራዋል፤ ያልጠየቀው ደግሞ ጤነኛውን ዕቃ ጥሎ ሌላ ይገዛል።