ትርፍ የመሰለችው ገመድ



ዛሬ ስለ ጀልባ ልናወራችሁ ነው። "ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ጀልባ ምን አገባው?" የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። እኛም ባሕር ዳር ሄደን ታንኳ ላይ እስክንወጣ ድረስ የምናስበው እንደዚያው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን ጣና ዳር ቆመን ሳለ አንድ ጎልማሳ ታንኳ ቀዛፊ የውኃው ጌታ መስለው ወደ ዳር ሲመጡ አየን። "ይቺማ ምን አላት!" ተባባልን። "ጋሼ፣ እስቲ እኛም እንሞክረው" ብለን ለመንን፤ ተፈቀደልን። የመጀመሪያው ጓደኛችን ቆሞ ሊሳፈር ሲሞክር እስከ ወገቡ ራሰ። ሁለተኛው ብልጥ ነኝ ብሎ ቁጭ አለና መቅዘፍ ጀመረ፤ ታንኳዋ ግን ወደፊት መሄዱን ትታ እዚያው እንደ እንዝርት ትሾር ጀመር። ሦስተኛው ደግሞ ከጠርዟ ላይ ተንጠልጥላ ያያትን የገመድ ጫፍ "ይቺ እንኳ ትርፍ ናት" ብሎ ሊበጥሳት ሲል ጋሼ ከዳር ሆነው ጮኹ፦ "ተው! የማታውቀውን አትበጥስ!"

ያን ቀን ስቀን ነው የተመለስነው። በኋላ ግን የታንኳን ታሪክ ስናገላብጥ፣ ልክ እንደኛ ትርፍ የመሰለቻቸውን ገመድ ትተው በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አገኘን። የተሳፈሩበት ደንገል ከየት የተቆረጠ ቢሆን ጥሩ ነው? ከጣና!

መጀመሪያ ታንኳዋን እንወቃት። ታንኳ የምትሠራው ከደንገል ነው። ደንገል የጥንት ግብፆች ፓፒረስ የሚባለውን ወረቀታቸውን የሠሩበት ተክል ነው፤ ረግረግ ላይ ይበቅላል፣ ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል፣ ውስጡም እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው። ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ምስማር የለ፣ ሳንቃ የለ፣ ሙጫ የለ፤ ታንኳን ታንኳ የሚያደርጋት እስሩ ነው። የእንጨት ጀልባ ከተቀደደች ትሰጥማለች። ታንኳ ግን ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ስለገባባት ብቻ አትሰጥምም። ችግሯ ውኃ እየጠጣች መክበዷ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትጨርስ ወደ ዳር ወጥታ ትደርቃለች፤ ያም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ቢበዛ በወራት የሚቆጠር። በዚህች ደካማ በምትመስል ነገር ነው የጣና ዳር ሰው ዓሣ ሲያጠምድ፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ሲያደርስ የኖረው።

አሁን ወደ ውቅያኖሱ እንሂድ። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ ነበር። በልጅነቱ ሊሰጥም ደርሶ ስለነበር ውኃ የሚፈራ ሰው ነበር አሉ። እንዲህ ያለው ሰው በ1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1947) ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ኮን-ቲኪ ብሎ በሰየመው የባልሳ እንጨት ርብራብ ላይ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን ፓሲፊክን ተሻግሮ ፖሊኔዥያ ደረሰ። ጀማሪነት ምን ያህል ሊያስኬድ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

ከሃያ ዓመት በኋላ ሄየርዳል ሌላ ጥያቄ ያዘው። በግብፅ የጥንት መቃብሮች ግድግዳ ላይ የደንገል ጀልባዎች ተሥለዋል። እነዚያ ጀልባዎች ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር ወይ? ባለሙያዎች ደንገል ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንት እንኳ አይቆይም አሉት። እሱ ግን መሞከር አለብኝ አለ። በግብፅ የሚፈልገውን ያህል ደንገል ስላልነበረ ጣና ድረስ መጣ። ከጣና የተቆረጠው ደንገል ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ፣ በመርከብ ግብፅ ገብቶ፣ እዚያው ፒራሚዶቹ አጠገብ ጀልባ ሆነ። ሠሪዎቹ የመጡት ከቻድ ሐይቅ ነበር። ጀልባዋም በግብፆች የፀሐይ አምላክ ስም "ራ" ተባለች።

ተሳፋሪዎቹን ደግሞ እዩልን። ሰባት ሰዎች ከሰባት አገር፦ ከሄየርዳል ጋር አሜሪካዊ መርከብ መሪ፣ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ፣ የሶቪየት ሐኪም፣ ሜክሲኳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ፣ ግብፃዊ ጠላቂ ዋናተኛና ከቻድ የመጣ የደንገል ጀልባ ሠሪ። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1969) ከሞሮኮዋ ከሳፊ ወደብ ተነሡ። የሁለት ሳምንቱ ትንቢት ከሸፈ፤ ደንገሉ አልበሰበሰም። ራ ሳምንታትን ተጉዛ ብዙ ርቀት ሄደች።

ታዲያ ምን ነካት? እዚህ ላይ ነው ገመዷ የምትመጣው። በግብፆቹ ሥዕል ላይ የጀልባዋ ኋላ ወደ ላይ ቆልመም ብሎ ይታያል፤ ከቆልማማው ጫፍም አንዲት ገመድ ወደ ጀልባዋ ወለል ትወርዳለች። የራ ሰዎች ይህቺ ገመድ ቅርጹን ለማሳመር ብቻ የተደረገች መሰለቻቸውና ተዉዋት። ባሕር ላይ ግን የገመዷ ሥራ ተገለጠ። ለካ እንደ ሞላ እየሳበች የጀልባዋን ኋላ ከውኃው በላይ ከፍ አድርጋ የምትይዘው እሷ ኖራለች! እሷ በሌለችበት የራ ኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ፣ ማዕበሉም እየወጣበት፣ እስሩ እየላላ ሄደ። ሐምሌ ላይ ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ጥለው በሌላ ጀልባ ተሳፈሩ።

ሄየርዳል ግን "ደንገል አይሆንም" ብሎ አልተመለሰም። የተሳሳተው ደንገሉ ሳይሆን እነሱ መሆናቸው ገብቶታል። እንደገና ከኢትዮጵያ ደንገል አስመጣ፤ በዚህ ጊዜ ሠሪዎቹ ቦሊቪያ ካለው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ነበሩ። "ራ ሁለት" ከመጀመሪያዋ አነስ ብላ፣ እስሯ ጠብቆ ተሠራች። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ኖርዌይ ያላችሁ ወዳጆቻችን ሄዳችሁ ብታዩዋት፣ የአገራችሁን ሣር ነው የምታዩት!

እንግዲህ እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው ይህን ነው። የጀማሪ ትልቁ አደጋ አለማወቁ አይደለም። ሄየርዳልም ብዙ ሳያውቅ ነው የጀመረው፤ ባይጀምር ኖሮ ደግሞ አያውቅም ነበር። አደጋው ጥቅሙ ያልገባንን ነገር "ጥቅም የለውም" ብለን መደምደማችን ነው።

ይህ ደግሞ የአትላንቲክ ወሬ ብቻ አይደለም። በጣና ዳር የታንኳን እስር ከማንም በላይ በማወቅ የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጉማሬ ያድኑ፣ ሥጋውንም ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ሲያገልሏቸው፣ ማዕድ ሲለዩባቸው ኖረዋል። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቷል። ሸማኔውን "ቁጢት በጣሽ"፣ ቀጥቃጩን "ቡዳ" ሲል የኖረ አገር ታንኳ ሠሪውንም አልማረውም። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ እየታረሰ ሲጠብ፣ የሞተር ጀልባው ሲበዛ፣ የሠሪው ልጅም በአባቱ ሙያ ሲያፍር እስሩን የሚያውቅ እጅ ይቀንሳል። እኛ ከተሜዎቹስ? ታንኳን ፎቶ አንሥተን እንመለሳለን። ፈረንጁ ከኖርዌይ ድረስ ሊማርባት የመጣባትን ነገር እኛ የድህነት ምልክት አድርገናት ቁጭ ብለናል። ታዲያ ትርፍ መስሎን የምንበጥሰው ገመድ ይሄ አይደለም ትላላችሁ?

ለማንኛውም፣ መጀመር ለምትፈልጉ ከእኛ መራስ የተገኘ ምክር እነሆ። ስትሳፈሩ ጎንበስ ብላችሁ መሐል ላይ ቁጭ በሉ እንጂ አትቁሙ። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ቅዘፉ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ እንደኛ ትሾራላችሁ። ውኃውን አትምቱት፣ ግፉት። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት በጧት ውጡ፤ ከዳር አትራቁ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበሱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሚያውቅ ሰው ጋር ውጡ፤ የደከመበትንም ክፈሉት።

እኛ በነጋታው ተመልሰን ጋሼን ጠየቅናቸው። "ያቺ ገመድ ለምን ነበረች?" አልናቸው። ታንኳዋን ዳር ላይ ገልብጠው አሳዩን። ጫፏን በጣታቸው እየተከተሉ ከአንዱ ነዶ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሄዱ። ትርፍ ያልናት የእስሩ ሁሉ ማሰሪያ ነበረች። ብንበጥሳት ኖሮ ታንኳዋ ወዲያው አትፈታም፤ ቀስ እያለች፣ ውኃው መሐል ነው የምትፈታው።

ቸር ይግጠመን።