ስፔስ ፍሬም፦ ክብ ቱቦ ወይስ ቱቦላሬ?

ከሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ተነስቶ የዋሽንግተን ጎዳናን ድልድይ የተሻገረ ሰው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን የምሕንድስና ሕንፃዎች ያገኛል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የፎርሙላ ኤስኤኢ ውድድር በእጃቸው የሠሩትን አነስተኛ የእሽቅድምድም መኪና ይዘው ይቀርባሉ። በዚህ ውድድር ከሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ የሚቆሙት በስፔስ ፍሬም ላይ ነው።

ስፔስ ፍሬም ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በሦስት ማዕዘን እየተያያዙ የሚሠሩት ሻንሲ ነው። በአማርኛ «የቱቦ አጽም» ቢባል ይስማማዋል። አራት ቱቦ ብቻ የተገጣጠመበት አራት ማዕዘን ሲገፋ ይዛነፋል፤ ሰያፍ ቱቦ ሲገባበት ግን ጭነቱ ቱቦዎቹን በቁመታቸው ይስባል ወይም ይጫናል እንጂ አያጎብጣቸውም። በዚህ አጽም የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው መርሴዲስ 300 ኤስኤል በሮቹ ወደ ላይ የሚከፈቱት የጎኑ የቱቦ አጽም ከፍ ብሎ ስለተሠራ ነው።

ታዲያ ቱቦው ክብ ይሁን አራት ማዕዘን?

ውጫዊ ስፋታቸውም ሆነ የብረታቸው ውፍረት እኩል ከሆነ፣ አራት ማዕዘኑ ቱቦላሬ መጉበጥን 70 በመቶ ያህል በበለጠ ይቋቋማል፤ ክብደቱ ግን በ27 በመቶ ይጨምራል። በእኩል ክብደትና በእኩል ውፍረት ሲነጻጸሩ ደግሞ ክቡ ይበልጣል፤ በተለይ መጠምዘዝን ሲቋቋም ብልጫው ወደ 60 በመቶ ይደርሳል። በስሌት ክቡ ያሸንፋል ማለት ነው።

ቤቱ ውስጥ መኪና ለሚሠራ ሰው ግን ፈተናው መጋጠሚያው ላይ ነው። የክብ ቱቦ ጫፍ ሌላውን ቱቦ እንዲያቅፍ በልኩ መጎድጎድ አለበት። ሞረዱ ትንሽ ከሳተ ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱን በብየዳ ለመሙላት ሲሞከር 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ቀልጦ ይበሳል። ቱቦላሬ በቀጥታ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይበየዳል፤ የወለሉ ላሜራም ያለችግር ይቀመጥበታል። እንግሊዛዊው ሮን ቻምፒዮን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መኪና በ250 ፓውንድ የመሥራት መመሪያ 25 ሚሊሜትር ቱቦላሬ የመረጠው ለጀማሪ ስለሚመች ነው።

መጋጠሚያ ምን ያህል እንደሚወስን የሴዳር ሪቨርሳይድ ነዋሪ በቅርበት ያውቃል። ኦገስት 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ከሰፈሩ አጠገብ የአይ-35 ደብሊው ድልድይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞቱ። ያም ብረቶች በሦስት ማዕዘን የተያያዙበት ድልድይ ነበር። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት ያገኙት ብረቶቹን በሚያጋጥሙት ጠፍጣፋ ሳህኖች ላይ ነው፤ ውፍረታቸው ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ መኪናውን የሚሠራ ሰው አጽሙን በቱቦላሬ ቢሠራ ይሻለዋል፤ ጥቂት ኪሎ መጨመሩ ከደካማ ብየዳ አይከፋም። ከዚህ ውጭ የሚሆነው መኪናው ሲገለበጥ የሾፌሩን ጭንቅላት የሚጠብቀው ቅስት ነው። የፎርሙላ ኤስኤኢ ደንብ በጎን በኩል ቱቦላሬን ሲፈቅድ፣ ቅስቱ ግን ካልተቆረጠ አንድ ወጥ ቱቦ እንዲታጠፍ ያስገድዳል።